‹‹እናቴ ጠላ ሽጣ››

አገራችን ውስጥ ከመድረክ ላይ በተደጋጋሚ ከምንሰማቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ‹‹እናቴ ጠላ ሽጣ ነው ያስተማረችኝ።›› ሐኪሙ ይለዋል፣ ባለሥልጣኑ ይለዋል፣ ነጋዴው ይለዋል፣ ዘፋኙም ይለዋል። አዳራሹ ያጨበጭባል። ከፊት የተቀመጡት እናት በነጠላቸው ጫፍ ዕንባቸውን ይጠርጋሉ። የሚያስለቅስ ነገር ነው፤ ማንም አይክድም።

ግን እስቲ ዓረፍተ ነገሩን ቀስ ብለን እንየው። ‹‹ሽጣ›› ነው የሚለው። ለመሆኑ የምትሸጠውን ከየት አመጣችው? ከጅምላ አከፋፋይ ተረክባ ነው? ከመሸጧ በፊት የነበረው ሁለት ሳምንት የት ገባ? ልጅየው የእናቱን ድህነት ያስታውሳል፣ ፍቅሯን ያስታውሳል፣ መሥዋዕትነቷን ያስታውሳል። ዕውቀቷን ግን አንድም ቀን አያነሣም። እኛም አንጠይቀውም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይኼኔ ነው።

ወደ ደጀን እንሂድ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጎሐ ጽዮንን አልፎ፣ አባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ ጎጃም የሚገባ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያርፍባት ከተማ ናት። ነጭ ጤፏ ስም አለው። ጠላዋም እንዲሁ። እዚያ በዕድሜ የገፋች አንዲት እናት አግኝታችሁ ‹‹እማማ፣ መጀመሪያ የጠመቁት ጠላ እንዴት ወጣልዎ?›› ብትሏት መጀመሪያ መሣቋ አይቀርም። ማን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋት ያውቃል! ሣቋን ስትጨርስ ግን የምታወራው ስለ ጣዕሙ ሳይሆን ስለ ፍርሃቱ ነው።

ፍርሃቱ እውነት አለው። ሥራውን እንቁጠረው። ገብሱ ወይም ስንዴው ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ በቅጠል ይሸፈናል፤ ሲያቆጠቁጥ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያ ይፈጫል። ይህ ብቅል ነው። ጌሾው ቅጠሉም እንጨቱም ደርቆ ይወቀጣል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፤ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ከውሃና ከጥቂት ብቅል ጋር ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ከሰነበተ በኋላ ቂጣ ተጋግሮ፣ ተቆራርሶ ይጨመርበታል። ዱቄቱ ደግሞ ምጣድ ላይ ውሃ እየተርከፈከፈበት፣ እየተማሰለ እንኩሮ ይሆናል። እንኩሮው ሲበርድ ከቀረው ብቅልና ጌሾ ጋር ይገባል፤ ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውሃ ይሞላበትና የጋኑ አፍ ይመረጋል። ሲከፈት የጠለለው ለእንግዳ፣ ጉሹ ለቤተ ሰው፣ ቅራሪው ለልጅና ለሥራ ሰው፣ አተላው ለከብት። የሚጣል ነገር የለም።

ከእነዚህ አንዱ ቢዛነፍ ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል። እንኩሮው ካረረ ጠላው ይመራል። ቸኩላ ትኩሱን ከጨመረችው እርሾው ይሞታል፤ ጋኑም ጸጥ ይላል። አፉ በደንብ ካልተመረገ ይኮመጥጣል። ቴርሞሜትር የለም፤ ሙቀቱን የምትለካው በእጇ ጀርባ ነው። ሰዓት የለም፤ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ ትሰማዋለች። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አባይ ከሥሯ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ደጋ ላይ በብርዱ ወር የሚያንቀላፋው ጥንስስ ቆላ ወርዶ ቢሆን ቶሎ በፈላ ነበር። ጠማቂዋ ይህን ከማንም መጽሐፍ አላነበበችውም። ግን ታውቀዋለች፤ ቀኑን እንደ ወሩ ታረዝማለች፣ ታሳጥራለች።

አሁን ይህን ሁሉ የምትሠራው አዲስ ያገባች ልጅ ናት እንበል። ፈታኟ አማቷ ናት። የማኅበሩ ተራ ደርሷል፤ ካህኑ፣ የክርስትና አባቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል። ጠላው ቢበላሽ ባልየውን የሚሰድብ የለም። ‹‹እናቷ ምን አስተማረቻት?›› ነው የሚባለው። ስድቡ ቀዬ አቋርጦ እናቷ ቤት ይገባል። ከተሳካላት ደግሞ አንድ ቃል ትሸለማለች፤ ‹‹ባለሙያ ናት።›› ሌላ ሽልማት የለም።

በዚሁ ወደ አሜሪካ ልሻገር፤ የምሻገርበትን ምክንያት ወዲያው ታዩታላችሁ። እዚያ በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በፈረሙት ሕግ ነው። በዚያው ዓመት ቻርሊ ፓፓዚያን የተባለ መምህር ከጓደኛው ጋር ሆኖ በኮሎራዶ ግዛት፣ በቦልደር ከተማ የቤት ጠማቂዎችን ማኅበር አቋቋመ። ከስድስት ዓመት በኋላም ስለ ቤት ጠመቃ መጽሐፍ አሳተመ። የዚያ አገር ጀማሪ ብዙውን ጊዜ በቆርቆሮ ከታሸገ የብቅል ሽሮፕ ነው የሚነሣው። ሽሮፑን በውሃ ያፈላል፣ የገዛውን እርሾ ይጨምራል፣ አለቀ። እጁ ሲፈታ ግን ሽሮፑን ይተውና የተከካ ብቅል በ65 ዲግሪ ገደማ ሙቅ ውሃ ለአንድ ሰዓት ያህል ዘፍዝፎ ስኳሩን ራሱ ያወጣል። ይህ ‹‹ሙሉ በሙሉ ከእህል›› የተጠመቀ ቢራ ይባላል። ለእነሱ ትልቅ ቀን ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ መልፋታቸው፣ ለሽርሽር የሚይዙትን የምግብ ማቀዝቀዣ ሣጥን መዘፍዘፊያ ስለ ማድረጋቸው፣ ስለ ደፈረሰው የመጀመሪያ ብርጭቆ ሲያወሩ አይጠግቡም። ደስ ይላል፤ እኔም አልቀናባቸውም።

ነገር ግን ልብ በሉ። አሜሪካዊው ብዙ ተጉዞ የደረሰበት ደረጃ የደጀኗ ልጅ የተነሣችበት ነው። የቆርቆሮ ሽሮፕ አላየችም፤ ከእህል ውጪ ሌላ መንገድ አታውቅም። እንዲያውም እሱ የበቀለውን ብቅል ገዝቶ ነው የሚጀምረው፤ እሷ ብቅሉንም ታበቅላለች። እሱ እርሾ በፓኬት ይገዛል፤ የእሷ እርሾ ከጋኑ፣ ከጌሾውና ከብቅሉ ጋር አብሮ ይኖራል። እሱ መጀመሪያ ስኳሩን አውጥቶ፣ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ ነው እርሾ የሚጨምረው። በእሷ ድፍድፍ ውስጥ ብቅሉ እህሉን ወደ ስኳር ሲለውጥና እርሾው ስኳሩን ሲበላ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ጋን ነው።

ይህ የእኔ ፉከራ እንዳይመስላችሁ። ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1991 ‹‹ሲኔት›› በተባለው የአገራችን የሳይንስ መጽሔት የጠላን አፈላል በጥናት አቅርበዋል። በ1995 ደግሞ በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት የጌሾን ቅጠል መራራ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ‹‹ጌሾይዲን›› ተብሎ ታውጇል። ሳይንሱ ጋኑ አጠገብ ደርሷል ማለት ነው። ወሬው ግን ከመጽሔት ወጥቶ አዳራሽ አልገባም።

ታዲያ የሁለቱ ትዝታ ለምን ተለያየ? ለምን አንዱ በኩራት፣ ሌላዋ በፍርሃት ታስታውሳለች? መልሱ አጭር ነው። እሱ የጠመቀው ወዶ ነው፤ ቢበላሽበት ለጓደኞቹ ቀልድ ይሆንለታል። እሷ የጠመቀችው ግዴታ ስለሆነ ነው፤ ቢበላሽባት ስሟ፣ ትዳሯ፣ ስትሸጥም የልጇ ደብተር አብሮ ይበላሻል። ደስታ የሚገኘው የመሳሳት ፈቃድ ካለበት ቦታ ነው። ለሴቶቻችን ያልሰጠናቸው ይህንን ፈቃድ ነው።

አንድ ሌላም ነገር አለ፤ ስሙ ገንዘብ ይባላል። ጁዲት ቤኔት የተባለች የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ የእንግሊዝን ጠማቂዎች ታሪክ አጥንታለች። በ1300 አካባቢ በዚያ አገር ጠመቃ ባብዛኛው የሴት ሥራ ነበር። በ1600 የወንድ ሥራ ሆኗል። ሴቶቹ ሙያው ጠፍቶባቸው አይደለም። ሳይበላሽ የሚቆይና ርቆ የሚጫን ቢራ መጣ፤ ትርፉ አደገ፤ ትልቅ ካፒታልና ብድር አስፈለገ። ብድሩም ማኅበሩም በወንድ እጅ ነበር። ባጭሩ፣ ገንዘቡ በፊት በር ሲገባ ሴቶቹ በጓሮ ወጡ።

የእኛስ? የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ከተቋቋመበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ በጠመቃ ስም ብዙ ብር ተንቀሳቅሷል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት የሐረርንና የበደሌን ፋብሪካዎች ከ160 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሄኒከን ሲሸጥ ጋዜጣው ሁሉ ጽፏል። ፋብሪካው ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሶ የሚቆመው ሰው ‹‹የቢራ ጠመቃ ባለሙያ›› ይባላል። ይገባዋል፤ ተምሮበታል። ደጀን ላይ ጭስ እየበላት የምትቆመው ግን ‹‹ጠላ ሻጭ›› ናት። ግሡ አንድ ነው፤ ሁለቱም ጠመቁ። ‹‹ባለሙያ›› የሚለውም ቃል እኮ ድሮ የእሷ ነበር። ከጋኗ አጠገብ አንሥተን ክራቫት አሰርንለትና ቢሮ አስገባነው፤ ለእሷ ‹‹ሻጭ›› የሚለውን ተውንላት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እስኪያስወጣ ድረስ ቢራ በዘፈንና በተራራ ታጅቦ ሲቀርብልን ኖረ። የእሷ ማስታወቂያ በር ላይ እንጨት ተተክሎ የተደፋበት ጣሳ ነው።

‹‹አሁንስ ባህላችን እየተከበረ ነው›› የሚል አይጠፋም። አዎ፣ የባህል ምግብ ቤቶች በር ላይ ጋን ተቀምጧል፤ ፎቶም እንነሣበታለን። ጋኑ ክብር አገኘ እንጂ የሞላችው ሴትዮ አላገኘችም።

ሌላው ደግሞ ‹‹ይኸውልህ፣ መጠጥ ሊያስፋፋ ነው›› ይለኛል። ይህኛውን በቁም ነገር እመልስለታለሁ። መጠጥ ቤት ያፈርሳል፤ ሰካራም ሲረብሽ አምሽታ የምትችለውም፣ ዱቤው ሲከዳ የምትከስረውም ራሷ ጠማቂዋ ናት። የእንኩሮው ጭስ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ይህን ሁሉ ያየች ሴት ልጇ ጋን አጠገብ እንዳትደርስ ብትፈልግ ማን ይፈርድባታል? ‹‹አንቺ ተማሪ፣ እኔ ልጨስ›› ማለቷ ልክ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ድካሙን ከዕውቀቱ መለየት አቅቶን ሁለቱንም ባንድ ላይ ‹‹የድህነት ሥራ›› ብለን ጣልናቸው። ድካሙ ይቅር፤ ዕውቀቱ ለምን ይቀራል?

እየቀረም ነው። የተፈጨ ጌሾና ብቅል ገበያ ላይ ይገዛል፤ ድፍድፉም ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ኑሮ ሲከብድ በእህሉ ፋንታ ስኳር መግባቱም አልቀረም። ፈረንጁ ከቆርቆሮ ወደ እህል ሲወጣ እኛ ከእህል ወደ ፌስታል እየወረድን ነው። አቋራጩን የምትፈልገውን ሴት አልወቅስም፤ እህል ተወዶባት፣ ማገዶ ተወዶባት፣ ጠጪው ግን አምስት ብር ስትጨምርበት የሚጮህ ነው። የምወቅሰው ጠጪውን ነው። ለጠርሙሱ ቢራ የተጻፈውን ዋጋ ቁጭ አድርጎ፣ ለጣሳው ጠላ የሚከራከረውን።

መፍትሔው ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ደብረ ማርቆስ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከደጀን ሩቅ አይደለም። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የሚያጠኑ ተማሪዎች አሉት፤ ከእነሱ ውስጥ በጠላ ገንዘብ የተማሩ እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። እነዚህ ልጆች ለዕረፍት ቤታቸው ሲገቡ ደብተር ይዘው እናታቸው አጠገብ ይቀመጡ። ብቅሉ ስንት ቀን? ጌሾው ስንት እፍኝ? እንኩሮው መብሰሉ በምን ይታወቃል? ማን አስተማረሽ? ይጻፉት፤ የእናትየውን ስም ከላይ ያድርጉበት። ጭሱን የሚቀንስ ምድጃም እዚያው ያስቡበት።

እኛ የቀረነው ደግሞ አንድ ግሥ እናርም። ‹‹እናቴ ጠላ ጠምቃ አስተማረችኝ›› እንበል። ‹‹ሽጣ›› ችግሯን ይናገራል፤ ‹‹ጠምቃ›› ችሎታዋን። ከዚያም ወደ ቤት ገብተን፣ በሕይወት ካለች፣ የመጀመሪያው ጋኗ እንዴት እንደወጣላት እንጠይቃት። ብትስቅ አትተዉአት፤ እስክትነግራችሁ ጠብቁ።