የኮሌጅ ደንና የከተማ ፕላን

የጅማ ከተማ ከጥንቱ ከሕርማታ ገበያ፥ ዛሬ መርካቶ ከሚባለው ሰፈር፥ ተነሥታ ወደ ቡናው አገር ስትሰፋ ኖራለች። ከተማ ሲሰፋ ዛፍ የቆመበት መሬት ላይ መድረሱ አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ግን መስፋቱን አይደለም፤ ለትምህርትና ለምርምር በተያዘ ደን ላይ ማዘጋጃ ቤት በፕላን የሚሰጠው ውሳኔ በምን ዕውቀት ላይ እንደሚመሠረት ነው።

አስቀድሞ አንድ የተለመደ አነጋገር መታረም አለበት። «የዩኒቨርሲቲው ደን» ስንል ስለ ባለቤትነት የተናገርን ይመስለናል። የገጠሩም የከተማውም መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ወደ ሕዝብና ወደ መንግሥት ከዞረ ወዲህ፥ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ከደነገገ ወዲህ፥ ዩኒቨርሲቲ ያለው ይዞታ ብቻ ነው። ስለ ደን የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 እንኳ ደንን የግል፥ የማኅበረሰብ፥ የማኅበርና የመንግሥት ብሎ ሲከፍል ለዩኒቨርሲቲ የተለየ ክፍል አላበጀለትም። ስለዚህ በአንድ ዋንዛ ዙሪያ ሦስት ባለሥልጣኖች ይቆማሉ፤ ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል መንግሥት ነው፥ መሬት ማስተዳደር የክልሉ ነው፥ ፕላን ማጽደቅ የከተማው ምክር ቤት ነው። ሦስቱ ከተነጋገሩ መልካም፤ ካልተነጋገሩ የሚያሸንፈው ካርታውን የያዘው ነው።

የካርታውም ቋንቋ ጠባብ ነው። መዋቅራዊ ፕላን ለአሥር ዓመት ሲነደፍ መሬቱን መኖሪያ፥ ንግድ፥ ኢንዱስትሪ፥ አረንጓዴ ቦታ እያለ ይደለድላል። አረንጓዴው ቀለም የትናንቱን ባሕር ዛፍ በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ከሚያድገው ቡና አይለይም። ቦታው በኮሌጅ ግቢ አጥር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከመማሪያ ክፍሉና ከመኪና ማቆሚያው ጋር በአንድ ቀለም ሊጠቃለል ይችላል። ሌላ አከፋፈል መኖሩን ጎረቤቶቻችን አሳይተዋል፤ የካፋና የያዩ ጫካዎች በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገቡ መሬቱ ፈጽሞ የማይነካ፥ በልክ የሚሠራበትና ሰው የሚኖርበት ተብሎ ተለይቷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የካሳው ግምት ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ፥ በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ይሁን በ2011 ዓ.ም. በተተካው አዋጅ ቁጥር 1161፥ ካሳ የሚታሰበው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለተደረገው ማሻሻያ ነው። ገማቹ ዛፉን ይቆጥራል፥ የቡናውን እግር ይቆጥራል። የሠላሳ ዓመት የልኬት መዝገብ ግን በየትኛው ሰንጠረዥ ይገባል? የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያስተምር ደኑ ራሱ መማሪያ ክፍል ነበር። እንዲህ ያለ ዛፍ ተቆርጦ ዋጋው ቢከፈል በሌላ ስፍራ ችግኝ ይተከላል፤ የተቋረጠው ልኬት ግን በገንዘብ አይቀጠልም፤ ሠላሳ ዓመት ለመለካት ሠላሳ ዓመት ያስፈልጋልና።

ማዘጋጃ ቤትን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆንብናል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። እኛ የኮሌጅ ሰዎች ስለ ዛፍ ዝርያና ስለ ካርቦን ብዙ እንጽፋለን፤ ዛፉ የቆመበት መሬት በፕላኑ ላይ በምን ስም እንደ ተመዘገበ የሚመረምር ጽሑፍ ግን እምብዛም አናይም።

ከጅማ ብዙ ሳይርቅ፥ በበለጠ-ጌራ ደን፥ ገበሬው በዚህ ረገድ ቀድሞናል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓን የቴክኒክ ርዳታ በተካሄደው ሥራ ነዋሪዎቹ የደን ማኅበር አቋቁመው ወሰኑን ከባለሙያዎቹ ጋር በእግር ዞረው ለዩ፤ ደኑን ሊጠብቁ፥ ከቡናውም ሊጠቀሙ ውል ገቡ። ነገሩ ሁሉ ተቃና አንልም፤ ቡና ዋጋ ሲያወጣ ከሥሩ ያለው ቁጥቋጦ ይመነጠራል። ቢሆንም ወሰኑ የት እንደሚያልፍ ደኑን የሚጠቀምበት ሰው ያውቀዋል።

የጅማ ፕላን ዳግመኛ ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ የእርሻ ኮሌጁ መምህራንና ተማሪዎች አንድ ዝርዝር ይዘው ቢገኙ እንወዳለን፤ እያንዳንዱ የሙከራ ቦታ መቼ እንደ ተተከለ፥ ልኬቱ መቼ እንደ ተጀመረ፥ ሙከራው ስንት ዓመት እንደሚቀረው የሚገልጽ። ለዚህ ልዩ በጀት የሚያስፈልግ አይመስለንም። ከዝርዝሩ ብዙው በየመምህሩ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ እንደሚገኝ እንገምታለን።