ጎረቤት ያጣ ቅስት፦ የቦቬ ካቴድራልና የጎቲክ ግንበኝነት

ድንጋይ ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲስቡት ግን ደካማ ነው፤ በኖራ የተያያዘ ግንብም ይህንኑ ጠባይ ይወርሳል። ስለዚህ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰፊና ከፍ ያለ አዳራሽን በድንጋይ ለመክደን የተነሣ ግንበኛ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ መዘርጋት ስለማይችል፣ ክብደቱን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እያቀበለ ወደ መሬት የሚያወርድ ቅስት መሥራት ነበረበት። ቅስት ግን ክብደቱን ወደ ታች ማውረድ ብቻ ሳይሆን እግሮቹንም ወደ ውጭ ይገፋል። የጎን ግፊት የሚባለው ይህ ኃይል ግንቡ እስከቆመ ድረስ ለአንድ ሰዓት እንኳ አያርፍም፤ የጎቲክ ግንበኛ ዋና ጭንቀትም ግፊቱን ማን ተቀብሎ ወዴት ያሳልፈዋል የሚለው ነበር።

በ12ኛው መቶ ዘመን በፓሪስ ዙሪያ የዳበረው የጎቲክ አሠራር ለዚህ መልስ ያገኘው ቀድሞ በተናጠል ይታወቁ የነበሩ ዘዴዎችን በማገጣጠም ነው። ጫፉ ሹል የሆነ ቅስት ከክብ ቅስት ያነሰ የጎን ግፊት ይፈጥራል፤ ከጣሪያው ሥር በሰያፍ የሚሻገሩት ቀጫጭን ቅስቶች፣ ማለትም የጣሪያው አጥንቶች፣ በመካከላቸው የሚሞላው ስስ ድንጋይ የሚከተለውን መስመር ለግንበኛው ያሳያሉ፤ ከግድግዳው ውጭ ደግሞ በአየር ላይ የተዘረጋ ደጋፊ ቅስት፣ ሽማግሌ እንደሚደገፈው ምርኩዝ፣ ግፊቱን ተቀብሎ ርቆ ወደቆመ ከባድ ምሰሶ ያደርሰዋል። ሸክሙ የቀለለለት ግድግዳ በመስታወት ሊተካ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ጎብኚ የሚያደንቀው ብርሃኑን ቢሆንም፣ ግንበኛ አስቀድሞ የሚያስተውለው እያንዳንዱ አካል ጎረቤቱን ተማምኖ የቆመ መሆኑን ነው።

ከፓሪስ በስተሰሜን በቦቬ ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ይህ ጉርብትና ሲጓደል ምን እንደሚከተል ከሌሎች ሁሉ ይልቅ ያስረዳል። ሥራው በጳጳሱ በሚሎን ደ ናንቴይ ዘመን በ1225 ተጀመረ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከአምስት ዓመት በፊት የተጀመረው የአሚየን ካቴድራል ቅስት ጣሪያ ከወለሉ 42 ሜትር ገደማ ሲርቅ፣ በ1272 የተጠናቀቀው የቦቬ የመዘምራን ክፍል፣ ማለትም ዋናው መሠዊያ ያለበት የምሥራቁ ክፍል፣ 48 ሜትር ገደማ ደረሰ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1284፣ የዚህ ጣሪያ ከፊል ፈረሰ።

ታሪኩን የሰማ ሁሉ የባቢሎንን ግንብ ማስታወሱና ጥፋቱን በትዕቢት ማሳበቡ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከፍታው ብቻውን ጣሪያውን እንዳልጣለው ሕንፃው ራሱ ይመሰክራል። በምሥራቁ ጫፍ ያለው ከፊል ክብ ክፍል ያንኑ ከፍታ ይዞ ሳለ አልወደቀም። በዚያ ምሰሶዎቹ ተቀራርበው የቆሙ ሲሆን፣ ቀጥ ባለው ክፍል ግን በምሰሶና በምሰሶ መካከል የተተወው ርቀት በጣም ሰፊ ነበር። ጥገናውን የያዙት ግንበኞችም ከፍታውን ሳይነኩ በየሁለቱ ነባር ምሰሶዎች መካከል አዲስ ምሰሶ አስገቡ፤ በዚህም ሦስቱ ሰፋፊ ክፍሎች ስድስት ጠባብ ክፍሎች ሆኑ፣ በአጥንቶቹ በአራት ይከፈል የነበረው ጣሪያም በስድስት የሚከፈል ሆነ። ፍርስራሹን በእጃቸው ያነሡ ሰዎች የሰጡት ይህ ፍርድ ከኋላ ዘመን ግምት ሁሉ የበለጠ ክብደት ሊሰጠው ይገባል።

የኋላ ዘመን ግምቶችም ቢሆኑ የሚናቁ አይደሉም። የ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ አርኪቴክት ቪዮሌ ለ ዱክ ጣቱን የቀሰረው በኖራው ላይ ነበር። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሆነ፣ በወፍራም ምሰሶ እምብርት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ለስላሳ ሆኖ ሊቆይና በጭነት ብዛት ቀስ በቀስ ሊታመቅ ይችላል። ብዙ የኖራ መጋጠሚያ ያለው ምሰሶ እንዲህ እያጠረ ሲሄድ፣ አጠገቡ ያሉት ከረጃጅም ወጥ ድንጋይ የተሠሩ ቀጫጭን አምዶች ስለማያጥሩ ጭነቱ ወደ እነሱ ይዞራል፤ እነሱም ከአቅማቸው በላይ ተሸክመው ይሰበራሉ። በ1960ዎቹ ጉዳዩን ያጠናው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዣክ ሄይማንም፣ አደጋው አሥራ ሁለት ዓመት መዘግየቱን ከኖራው አዝጋሚ ለውጥ ጋር አያይዞታል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ማርክ ደግሞ በፕላስቲክ ሞዴል ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ነፋስ በመካከለኛዎቹ የውጭ ምሰሶዎች ላይ የሚፈጥረው መሳብ ስንጥቅ ሊያስከትል እንደሚችል አሳይቷል። ኖራውም ሆነ ነፋሱ ሰፊውን ርቀት የበለጠ አደገኛ ስለሚያደርጉት፣ አንዱን መቀበል ሌላውን መጣል አይሆንም።

የዘመኑ ዋና ግንበኛ ይህን ሁሉ ለይቶ የሚያይበት የኃይል ስሌት አልነበረውም። የነበረው ኮምፓስ፣ ቱምቢ፣ ጠራቢዎች የድንጋዩን ቅርጽ የሚለኩበት ከሳንቃ የተቆረጠ ልክና ከቆሙ ሕንፃዎች የተወረሰ የምጥጥን እውቀት ነው፤ በ13ኛው መቶ ዘመን ሥዕሎቹን በደብተር የተወልን ቪላር ደ ኦንኩርም የሚያሳየው ቅርጽንና ምጥጥንን ነው። ይህ እውቀት ከሚገመተው በላይ አስተማማኝ ነበር፤ ሆኖም የቆመ ሕንፃ መቆሙን ይናገራል እንጂ ለመውደቅ ምን ያህል እንደቀረው አይናገርም።

የካቴድራሉን የመስቀል ቅርጽ ግራና ቀኝ የሚሠሩት የጎን ክንፎች በማርተን ሻምቢዥ መሪነት በ1500 ተጀምረው በ1548 አበቁ። በዚህ ጊዜ ወደ ምዕራብ የሚዘረጋውን የምእመናን አዳራሽ መገንባት ሲገባ፣ በክንፎቹ መገናኛ ላይ ከነጫፉ 153 ሜትር የሚደርስ ማማ በ1569 ቆመ። ማማውን የተሸከሙት አራት ምሰሶዎች በሰሜን፣ በደቡብና በምሥራቅ የሚመክትላቸው ግንብ ቢኖርም፣ በምዕራብ ግን ምንም አልነበረም፤ ማማው በኤፕሪል 30 ቀን 1573፣ በዕርገት በዓል ዕለት፣ ወደቀ። ከሁለቱ ውድቀቶች ይበልጥ ይቅር ለማለት የሚከብደው ይህኛው ነው፤ በ1284 ማንም ያልደረሰበት ከፍታ ተሞክሮ ነበር፣ በ1573 ግን የታወቀ ሕግ ተጥሶ የሥራው ቅደም ተከተል ተገለበጠ።

አዳራሹ ከዚያ በኋላም ስላልተሠራ፣ ሊፈርስለት የነበረው ከጎቲክ ዘመን በፊት የተሠራ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በከፊል በቦታው አለ። በ1960ዎቹ በደጋፊ ቅስቶቹ መካከል የነበሩት ማሰሪያ ብረቶች ቢነሡ፣ ድጋፎቹ በነፋስ መወዛወዝ ስለጀመሩ በአዲስ ብረት መተካት አስፈልጓል። በ1990ዎቹ በጎን ክንፉ ውስጥ የቆመው ግዙፍ የእንጨትና የብረት ድጋፍ የውስጡን ውበት እንደሚያበላሽ አይካድም፤ ነገር ግን ይነሣልን የሚል ሁሉ ማዘንበላቸው ያሰጋውን ምሰሶዎች በምን እንደሚይዛቸው አስቀድሞ ማሳየት ይኖርበታል።