የዘፋኙ ቃልና የዘፋኙ ቤት



ዒድ ካለፈ በኋላ አንዲት እናት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇን አስከትላ ወደ መድረሳችን መጣች። «ኡስታዝ፣ ይህን ልጅ ይምከሩልኝ። ሌትም ቀንም የቦብ ማርሌይ ዘፈን ከጆሮው አይወርድም። የሰውየውን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፎብኝ ስሰግድ ፊት ለፊቴ ይገጥመኛል» አለችኝ። ልጁ አንገቱን እንደ ደፋ፣ «ኡስታዝ፣ እኔ የምወደው ዘፈኑን እንጂ ሕይወቱን አይደለም» ሲል መለሰ።

ውድ አንባቢ፣ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር? እኔ ወዲያው የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ሥዕሉን እናቱ ከምትሰግድበት አቅጣጫ እንዲያነሣ ነገርኩትና (እሱስ ቀላሉ ነው) የሚወዳቸውን ዘፈኖች ወደ አማርኛ መልሶ በደብተር እንዲያመጣልኝ አዘዝኩት። አንደኛ ነገር የእኔ እንግሊዝኛ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አላለፈም። ሁለተኛም ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ዑለማዎች የተናገሩት የታወቀ ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ለሁለታችንም ይሻላል ብዬ ነው። ስለ መሣሪያው ለመጻፍ አልተነሣሁም፤ የልጁ ጥያቄ ሌላ ነበርና።

ሰውየው ለእኛ ለሻሸመኔ ልጆች እንግዳ አይደለም። ያደግሁት ከጃማይካ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ነው። ቦብ ማርሌይ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1978 ኢትዮጵያን ሲጎበኝ ሻሸመኔ ድረስ መጥቷል። ልጅ ሳለሁ ድምፁ ከየሻይ ቤቱ ይሰማ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ከደብተሮቼ መካከል ካሴት አገኘና ክሩን መዝዞ ጣለው፤ ምክንያቱን ግን አልነገረኝም። ስለዚህ ሰውየው ለምን እንደሚነቀፍ ሳላውቅ አደግሁ፤ ለምን እንደሚወደድም እንዲሁ። የዚያችን እናት ልጅ በቁጣ ያልመለስኩት ይህን አስታውሼ ነው።

መጀመሪያ ሕይወቱን እንይ፤ መሸፋፈን አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ1945 በጃማይካ ገጠር ናይን ማይል በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ነጭ ሲሆን ልጁን አላሳደገውም። እ.ኤ.አ. በ1966 ሪታ የምትባለውን ሴት አገባ። የራሱ ናቸው ተብለው የታወቁት ልጆች አሥራ አንድ ሲሆኑ እናቶቻቸው ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ብቻ ሦስት ወንዶች ልጆች ከሦስት እናቶች ተወልደውለታል፤ ከሦስቱ እናቶች አንዷ ሚስቱ ናት። ሪታ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ይህ ሁሉ ምን ያህል እንዳቆሰላት አልደበቀችም፤ ከሌሎች ሴቶች ከተወለዱት ልጆቹም ያሳደገቻቸው አሉ። ሰውየው በካንሰር ታሞ እ.ኤ.አ. በ1981 በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሲሞት ኑዛዜ አልነበረውም። ቤተሰቡ ስለ ንብረቱ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሷል።

«ታዲያ ይህ ምን ይደንቃል? እኛስ ዘንድ እስከ አራት ተፈቅዶ የለም?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ እነዚያ ሴቶች ኒካሕ የታሰረላቸው፣ ነፈቃቸው የታወቀ፣ በፍትሕ የተያዙ አልነበሩም። ሁለተኛ ኒካሑን ከመጀመሪያ ሚስቱ ደብቆ በሌላ ከተማ ቤት የያዘ ከመካከላችን ካለ ደግሞ፣ በማርሌይ ላይ አፉን ባይከፍት ይሻለዋል።

እንግዲህ «ዘፈኑን እንጂ ሕይወቱን አይደለም» የሚለው አነጋገር እውነት ነውን? የመድረሳ ልጆች ይህን ጥያቄ በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። ነሕው ስንቀራ ለሰዋስው ማስረጃ እየተባሉ ከሚጠቀሱት ግጥሞች መካከል የኢምሩእ አልቀይስ ይገኙበታል። በግጥሞቹ ወይንና ሴትን የሚያወድስ የጃሂሊያ ገጣሚ ነው። የቁርኣንን ዐረብኛ ለመረዳት የዚህን ሰው ቃል እንዴት እናጠናለን ብዬ ሸኻችንን ጠይቄያቸው ነበር። «ቋንቋውን ወሰድን እንጂ ምስክርነቱን መች ወሰድን?» አሉኝ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሐዲስ በሚተላለፍበት ዕውቀት ግን የአስተላላፊው ሕይወት ይመረመራል፤ በንግግሩ ውሸት የተገኘበት ሰው ወሬው አይያዝም። ለምን ቢባል፣ እዚያ ሰውየው «እኔ ሰምቻለሁ» ብሎ ራሱን ዋስ ያደርጋል። ገጣሚው ግን አንድ እውነት ቢናገር እውነቱ በራሱ እግር ይቆማል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ኢስላም ሳይገባ የቀረውን የኡመያ ኢብን አቢ አስሰልትን ግጥም ከአንድ ሰሓባ አንደበት ጨምር እያሉት እስከ መቶ ስንኝ ማድመጣቸው በሙስሊም ሶሒሕ ተዘግቧል።

ስለዚህ የልጁን ደብተር የተመለከትኩት በዚህ መለያ ነው፤ ዘፈኑ እመነኝ የሚለኝ በቃሉ ነው ወይስ በዘፋኙ?

በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ልጁ ያላሰበው ነገር ገጠመን። «ሕይወቱን አልወድም» ሲል፣ የሚያስቸግረው ሁሉ በሕይወቱ ውስጥ እንጂ በዘፈኑ ውስጥ እንደሌለ አድርጎ ነው። ሆኖም ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1975 መሞታቸው በተነገረ ጊዜ ማርሌይ ያወጣው «ጃህ ሊቭ» የሚለው ዘፈን ሰውን አምላክ የሚያደርግ እምነቱን ነው የሚያውጀው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ካያ» የተሰኘው አልበም ስሙ ራሱ የዕፅ ስም ነው። ዘፋኙ በቤቱ መልአክ ቢሆን ኖሮ እንኳ እነዚህን አንቀበላቸውም። እዚህ ላይ ሰውየውን ከዘፈኑ መለየት አይጠቅመንም፤ መለየት ያለበት ዘፈን ከዘፈን ነው።

ብዙ የቆየሁት «ዋር» በሚለው ገጽ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 «ራስታማን ቫይብሬሽን» በተባለው አልበም የወጣ ነው። ቃሉ ከሞላ ጎደል የማርሌይ አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ካሰሙት ንግግር የተወሰደ ነው። አንዱን ዘር ከሌላው የሚያበላልጥ አስተሳሰብ እስካልተወገደና የሰው መብት እኩል እስካልሆነ ድረስ ሰላም አይገኝም የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ዜማው ላይ እንኳ ደራሲ ተብለው የተመዘገቡት ሌሎች ናቸው፤ እግር ኳስ ተጫዋቹ አለን ኮልና ከበሮ መቺው ካርልተን ባሬት። ማርሌይ በዚህ ዘፈን ውስጥ ስለ ራሱ የሚመሰክረው ነገር የለውም። ስለ ሚስቱ ብናነሣበት ከቃሉ ላይ የሚጎድል አንድ ፊደል የለም።

ነገር ግን ውድ አንባቢ፣ የመጀመሪያውን ተናጋሪስ ምን እናድርገው? ያ ንግግር ሲደረግ የኤርትራ ፌዴሬሽን ከፈረሰ ዓመት አልሞላውም ነበር። አገሪቱ ትተዳደርበት የነበረው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንዲትን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ያደረገ ነበር። ዒዳችን የሕዝብ በዓል አልነበረም። አባቶቻችን ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ሳይሆን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ሲባሉ ኖረዋል። በኒውዮርክ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የተናገሩት ንጉሥ በአገራቸው ሰውን በሃይማኖቱ የሚያበላልጥ ሥርዓት ራስ ነበሩ። የተናጋሪው ሕይወት ቃሉን የሚሽር ቢሆን ኖሮ ያ ንግግር እዚያው አዳራሽ ውስጥ በሞተ ነበር።

አልሞተም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በመቶ ሺህ የሚገመት ሰው፣ ክርስቲያን ወገኖቻችንም ጭምር፣ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥቶ የሙስሊሞችን እኩልነት ሲጠይቅ የጠየቀው ሌላ ነገር አልነበረም። ንጉሡ በውጭ አገር የተናገሩትን በቤታቸው እንዲያደርጉት ነው። ቃሉ ከተናጋሪው አፍ ወጥቶ በተናጋሪው ላይ ተመለሰ ማለት ነው። ሦስቱ የሙስሊም በዓላት በሕዝብ በዓልነት የታወጁት ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነበር። እንግዲህ ይህን ቃል ከንጉሡ ለይተን መያዝ ከቻልን፣ ዜማ ካበጀለት ሰው ለይቶ መያዝ ምን ያስቸግራል?

ወደ ፍቅር ዘፈኖቹ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል።

«ኖ ውማን ኖ ክራይ» የሚለውን ርእስ አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው «ሴት ከሌለች ልቅሶ የለም» ብሎ ነው የሚተረጉመው፤ ልጁም እንዲሁ ጽፎት መጣ። ትክክለኛ ፍቺው «አይሆንም አንቺ ሴት፣ አታልቅሺ» ነው። ወንድ የድህነት ዘመናቸውን እያስታወሰ ሴትን ያጽናናበታል። እዚህ ላይ ዘፋኙ ራሱን ዋስ አድርጓል። የማጽናናት ክብደቱ እንደ አጽናኙ ነውና፣ አታልቅሺ የሚለው ሰው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ወሬኝነት አይደለም።

ከዚያም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ኤክሶደስ» በተባለው አልበም ውስጥ «ተርን ዩር ላይትስ ዳውን ሎው» የሚል የፍቅር ዘፈን አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 የዓለም ቆንጆ ለተባለችውና በ1978 ወንድ ልጅ ለወለደችለት ለሲንዲ ብሬክስፒር እንደ ተጻፈ በሰፊው ይነገራል። ከ1974 ጀምሮ ከማርሌይ ኋላ ቆመው ከሚያዜሙት ሦስት ሴቶች አንዷ ደግሞ ሪታ ነበረች፤ በዚህ አልበም ላይም ድምፅዋ አለ። እስቲ አስቡት። ይህን ካወቅሁ በኋላ የፊተኛውን ድምፅ ብቻ እንድሰማ የሚጠይቀኝ ሰው፣ የኋለኛዋን እንዳልሰማት እየጠየቀኝ ነው።

የማርሌይ አፍቃሪዎች ከዚህ ላይ አንድ የማይገባ ነገር ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1976 ታጣቂዎች ቤቱ ገብተው ተኩሰው አቆሰሉት፤ በሁለተኛው ቀን ቁስሉን ይዞ ሕዝብ ፊት ወጥቶ ዘፈነ። በኤፕሪል 1978 ደጋፊዎቻቸው ይገዳደሉ የነበሩትን ሁለት የጃማይካ ፖለቲከኞች፣ ማንሊንና ሲያጋን፣ መድረክ ላይ እጅ ለእጅ አያያዘ። «ኖ ውማን ኖ ክራይ» በትሬንች ታውን ድሆችን ያበላ በነበረው በወዳጁ በቪንሰንት ፎርድ ስም መመዝገቡም ገቢው ለወዳጁ እንዲሆን ብሎ ነው ይባላል። ይህ ሁሉ ሲነሣ አፍቃሪዎቹ «አየህ፣ ዘፈኑን ኖሮታል!» ይላሉ። የሪታ ነገር ሲነሣ ግን «ሕይወቱን ተወውና ዘፈኑን ስማ» ይሉናል። ምስክሩ ሲጠቅም ተጠርቶ ሲጎዳ ከችሎት የሚባረር ከሆነ ይህ መለየት ሳይሆን ማዳላት ነው። የሐዲስ ሊቃውንት የሰውን መልካሙንም ነውሩንም በአንድ መዝገብ ነው የጻፉት። በተቃራኒው ደግሞ አባቴ ካሴቱን ሲበጥስ ያን መልካሙንም አብሮ ጣለው።

እናትየዋና ልጇ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ይህን ሁሉ አላወራሁላቸውም፤ ልጁ የ«ዋር»ን ትርጉም ለእናቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብላት ብቻ ጠየቅሁት። አነበበ። «ይህን ያለው ሰውዬህ ነው?» አለችው። ጃንሆይ መሆናቸውን ሲነግራት አላመነችም፤ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እውነት ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና አባቷ በ1966 አዲስ አበባ እንደ ነበሩ፣ ከሰልፉም አንድ እግር ጫማቸው ጠፍቶ እንደ ተመለሱ ነገረችን። ልጁ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር።

«በል በንጹሕ ወረቀት ገልብጠውና ለአያትህ ወስደህ አንብብላቸው» አለችው። ያን አንድ ገጽ ከደብተሩ ገነጠለ። ደብተሩ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው፤ መጥቶ አልጠየቀኝም። ሥዕሉም ከግድግዳው እንደ ወረደ እናቱ ነግራኛለች፤ የት እንዳኖረው ግን አልጠየቅኋትም።