እጇ ትከሻው ላይ

የምንወዳቸውን አንጋፋ ዘፋኞች መድረክ ላይ ለማየት ስንሄድ፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ፍለጋችን የራሳችንን ወጣትነት ነው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ፓሪስ ውስጥ ማሊያውያኑን አማዱና ማርያምን ለማየት የገባሁት በዚሁ ስሜት ነበር። አዲስ አበባ እያለሁ አንድ ጓደኛዬ «ዲማንሽ አ ባማኮ» የሚለውን አልበማቸውን በፍላሽ ገልብጦ ሰጥቶኝ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ሌላ ነገር አልሰማሁም። ያንን ክረምት ልፈልግ ነው ትኬት የገዛሁት።

ለማታውቋቸው ባጭሩ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አማዱ ባጋዮኮ በ1954 የተወለደ ጊታሪስት ነው፤ ሳሊፍ ኬይታ ይዘፍንበት በነበረው «ሌ ዛምባሳደር» ባንድ ውስጥ ተጫውቷል። ማርያም ዱምቢያ በልጅነቷ ኩፍኝ ይዟት ዓይኗን ያጣች ዘፋኝ ናት። የእሱም ዓይን በጉርምስናው ጠፋ። ባማኮ ባለው የዓይነ ስውራን ወጣቶች ተቋም ተዋወቁ፣ በ1980 ተጋቡ፣ ቆየት ብለው አቢጃን ሄደው ካሴት አወጡ። ዓለም በደንብ ያወቃቸው ግን በ2004፣ ማኑ ቻኦ ፕሮዲውስ ባደረገው በዚያ እኔ በፍላሽ በሰማሁት አልበም ነው።

እስቲ ቁጥሩን እዩት። ያኔ አማዱ ሃምሳ ዓመቱ ነበር፣ ትዳራቸው ደግሞ ሃያ አራት። እኔ የወጣትነቴ ሙዚቃ የምለው ነገር ሲሠራ ወጣት የነበርኩት እኔ እንጂ እነሱ አልነበሩም። ይሄ የገባኝ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው።

መሪ ይዟቸው ወጡ፤ እጇ ትከሻው ላይ ነበር። ጭብጨባው ውስጥ የሆድ መባባት ነገር ነበረበት። የኔም ውስጥ ነበረበት፣ አልክድም። ለዓመታት በየማስታወቂያው «የማሊ ዓይነ ስውር ጥንዶች» እየተባሉ ስለተሸጡ ጆሯችን ከመስማቱ በፊት ማዘን ለምዷል። ከዚያ አማዱ ጊታሩን ጀመረ፣ በቃ፣ ሐዘኔታው አፈረ። ሰውየው ሮከር ነው! ድምፁ ሻካራ፣ ጣቶቹ ፈጣን፣ ደግሞ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የሚያውቅ።

አዝማሪ ቤት ባልና ሚስት ሲጫወቱ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። እሷ ስንኙን ስትጨርስ ማሲንቆው ይቀበላታል፤ አንዳንዴ ይደግምላታል፣ አንዳንዴ ይመልስላታል። የአማዱ ጊታርም ማርያምን እንደዚያ ነው የሚከተላት። የባምባራ ዜማም እንደኛ ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የሚሄድ ስለሆነ፣ ቋንቋውን ሳላውቅ ጆሮዬ ቤቱ የገባ የመሰለው ለዚህ ይሆናል።

ሁሉም ጥሩ ነበር አልልም። ኪቦርዱና ከበሮው ከልክ በላይ ጮኸው ጊታሩን ደጋግመው ዋጡት። ሁለት ሦስት ዘፈኖች ሕዝቡ እንዲያጨበጭብ ብቻ ተለጠጡ። የማርያም ድምፅም ድሮም ብዙ አይወጣ አይወርድም፤ አሁን ደግሞ ከብዷል። ግን ቀጥ ብላ፣ ሳታስጌጥ፣ አንድ ነገር እንደሚነግር ሰው ነው የምትዘፍነው፤ ዕድሜ ከዚህ ላይ ብዙ የሚወስደው የለም።

ከዚያ «ዠ ፓንስ አ ቷ» መጣ፤ «አስብሻለሁ» እንደማለት ነው፤ በ1998 «ሱ ኒ ቲሌ» አልበም ላይ የወጣ ዘፈን። እኔ ይሄን ዘፈን የተጠቀምኩበት ሩቅ የሄደች ልጅ ለመናፈቅ ነበር። ናፍቆት ለሄደ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበራ። እዚህ ግን አማዱ አስብሻለሁ የሚላት ሴት ከጎኑ ቆማለች፣ ክንድ ቢዘረጋ ይደርስባታል። ከአርባ ዓመት በላይ አብረው ኖረው አሁንም ይላታል። ማርያም ራሷን ወደ ጊታሩ ድምፅ ዘንበል አደረገች፣ ያው ነው። የዘፈኑ ቃል አልተለወጠም፤ እኔ ግን ለካ በተሳሳተ አድራሻ ነበር ስሰማው የኖርኩት።

በመስከረም 2024 በፓሪስ ፓራሊምፒክ መዝጊያ ላይ የሰርዥ ጌንዝቡርን የስንብት ዘፈን ዘፈኑ። በሚያዝያ 4 ቀን 2025 አማዱ በሰባ ዓመቱ አረፈ። ያንን ዘፈን መለስ ብለው «ሞቱን አውቆት ነበር» የሚሉ አሉ። እኔ አይዋጥልኝም። ሥራቸውን እየሠሩ ነበር፣ ሁሌም እንደሚያደርጉት፣ ጎን ለጎን።

አልበሙን አሁንም እሰማዋለሁ፣ ያንን ክረምት ግን አልፈልግበትም። እናንተም ስትሰሙት፣ ማርያም ትንፋሽ ስትወስድ ያለችውን ትንሽ ክፍተት አድምጧት። እዚያ ጋ የሚገባው ጊታር እሱ ነው።