መሬትን የሚያሳርፍ የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ጥበብ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች በየማሳቸው የሚያካሂዱት የደከረንስ ተከላ፣ የወንዝ ተፋሰስ፣ ማለትም ዝናቡ ተጠራቅሞ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበት ምድር፣ በክልከላ ብቻ ሳይሆን በእርሻ ሥርዓትም ሊጠበቅ እንደሚችል ስለሚያሳይ ከፍ ያለ አድናቆት ይገባዋል። ደከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዝርያ ሲሆን፣ በሥሩ ላይ ባሉ ትንንሽ እባጮች ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ የአየርን ናይትሮጅን ወደ አፈር ማዳበሪያነት ይለውጣል። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ያበቅላል፤ ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ለከብቶቹ ያጭዳል፤ ከ4 እስከ 5 ዓመት ከቆየ በኋላም ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስልና መሬቱን እንደገና ለጤፍ ያርሳል። በእነዚህ ዓመታት ቅርንጫፉና የረገፈው ቅጠል የዝናቡን ኃይል ስለሚያበርዱ፣ በአሲዳማነት፣ ማለትም በመኮምጠጥ፣ ምርቱ የቀነሰው አፈር ያርፋል፤ ጎርፍ ጠርጎ ወደ አባይ ገባሮች ሊወስደው ይችል የነበረውም በተዳፋቱ ላይ ይቀራል። ይህ ልማድ ባይኖር የተጎሳቆለው ማሳ ያለ ዕረፍት በታረሰ፣ የማገዶው ጫናም በተፈጥሮ ደን ቅሪቶች ላይ በወደቀ ነበር። በቅርብ ዓመታት ዛፉን ያጠቃው የዝገት በሽታ፣ ማለትም ተክሉን የሚያደርቅ የፈንገስ ሕመም፣ በአንድ ዝርያ ብቻ መደገፍ ያለውን አደጋ ቢያሳይም፣ መሬትን እያሳረፉ ከመሬት የመኖርን ዕውቀት ዋጋ አይቀንሰውም።