ስለ ጦርነት ፊልምና ስለ ወታደር እውነት

የጦርነት ፊልም በታየ ቍጥር ከተመልካች አፍ የሚወጣው ምስጋና አንድ ዓይነት ነው፤ «ልክ እውነተኛውን ጦርነት ይመስላል» ይባላል። ይህን ቃል ከሚናገሩት ሰዎች አብዛኞቹ ግን ጦርነት አይተው አያውቁም፤ የሚያመሳስሉትም ቀድሞ ካዩት ከሌላ ፊልም ጋር ነው። የመድፉ ድምፅ ስለ በረታ፥ ደሙም ስለ በዛ ብቻ ፊልሙን እውነተኛ ነው ማለት ሰውን በልብሱ እንደ መመዘን ይሆናል። ሊጠየቅ የሚገባው፥ ፊልሙ ወታደሩን በፍርሃቱ፥ በድካሙና ከውጊያ በኋላ በሚኖረው ኑሮ አውቆታልን? የሚለው ነው።

ካሜራ በጦር ሜዳ መገኘቱ ብቻውን እውነትን እንደማያስገኝ ከጥንት ጀምሮ ታውቋል። በ1916 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ማሊንስና ማክዳወል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በፈረንሳይ አገር ተገኝተው «የሶም ጦርነት» የተባለውን ፊልም አነሡ። ውጊያው በተጀመረበት በጁላይ 1 ቀን ብቻ ከእንግሊዝ ሠራዊት የሞተው፥ የቈሰለውና የጠፋው 57,470 ሰው ነበረ፤ ከዚህም ውስጥ 19,240ው የሞቱት ናቸው። ፊልሙን በዚያው ዓመት እጅግ ብዙ ሕዝብ አየው። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ በሰው ልብ የቀረው ክፍል፥ ወታደሮች ከምሽግ ሲወጡ አንዱ ተመትቶ ወደ ኋላ ሲንሸራተት የሚታይበት፥ ለካሜራ ተብሎ የተደረገ እንጂ በውጊያው ውስጥ የተነሣ እንዳልሆነ ኋላ መርማሪዎች አረጋግጠዋል። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ የዚያን ዘመን ካሜራ በእግሩ የሚቆም ከባድ ዕቃ ስለ ነበረ፥ ከምሽግ ራሱን ቀና ያደረገ ሰው ይመታል፤ ከሩቅ የቆመውም ከጢስ በቀር የሚያየው የለም። እንግዲህ የጦር ሜዳ ዋናው ጠባይ አለመታየት ነው። ፊልም ደግሞ የሚኖረው በመታየት ነው።

ይህን ችግር አንድ አዘጋጅ እንዴት እንደ ታገለው ለማወቅ የሉዊስ ማይልስቶን ሥራዎች ጥሩ መመዘኛ ናቸው። ይህ ሰው በሩሲያ ግዛት ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሻገረ፥ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜም በአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ በማሠልጠኛ ፊልም ሥራ ያገለገለ ነው። ኋላም ስለ ሦስት ልዩ ልዩ ጦርነቶች ሦስት ፊልሞች አዘጋጅቷል።

የመጀመሪያው በጀርመናዊው በኤሪኽ ማሪያ ሬማርክ መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ በ1930 ዓ.ም. የወጣው «በምዕራብ ግንባር ምንም አዲስ ነገር የለም» የተባለው ነው። በዚህ ፊልም መትረየስ የሚሮጡትን ሰዎች እንደ አዝመራ ሲያጭዳቸው ይታያል። ታላቅነቱ ግን በዚህ አይደለም። ፓውል የተባለው ወጣት የወጋውን ፈረንሳዊ በመድፍ ጕድጓድ ውስጥ አጠገቡ አድርጎ ሲያጣጥር ይሰማዋል፥ ውኃ ያጠጣዋል፥ ይቅርታም ይለምነዋል። ደግሞ ለዕረፍት ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ በቀድሞ ትምህርት ቤቱ ቆሞ ስለ ጦርነቱ እውነቱን ቢናገር፥ ተማሪዎቹ ፈሪ ብለው ይሰድቡታል። የፓውልን ሥራ የሠራው ሉ ኤይርስም ያን ጊዜ ዕድሜው 21 ብቻ ስለ ነበረ፥ የሚታየው ፊት በእውነት የልጅ ፊት ነው። ፊልሙ በዲሴምበር 1930 ዓ.ም. በበርሊን ሲታይ፥ በጎብልስ የተመሩት ናዚዎች በአዳራሹ ውስጥ ነጫጭ አይጦች ለቀቁ፥ የሚከረፋ ጢስም በተኑ፤ ጥቂት ቀን ቆይቶም ፊልሙ ተከለከለ። ባዶ ተረት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከሙበት ነበር።

ሁለተኛው በ1945 ዓ.ም. የወጣው «በፀሐይ የተደረገ ጉዞ» ነው። በ1943 ዓ.ም. በኢጣልያ በሳሌርኖ ባሕር ዳርቻ የወረደ አንድ አነስተኛ የእግረኛ ጦር፥ አንድ የእርሻ ቤት ለመያዝ ሲጓዝ ያሳያል። አብዛኛው ጊዜ በመሄድ፥ በመቀመጥ፥ በማጨስና በጨዋታ ያልፋል። ወታደር ከሚተኵስበት ሰዓት የሚጠብቅበት ሰዓት እንደሚበዛ ይህን ያህል የተረዳ ፊልም ጥቂት ነው። ጦሩን ይመራ የነበረው የበታች ሹምም ጥይት ሳይነካው አእምሮው ዝሎ መሬት ላይ ወድቆ ያለቅሳል፤ ጓዶቹም ሳይንቁት ትተውት ይሄዳሉ። ነቀፋው ንግግሩ እጅግ የተቀነባበረ መሆኑ ነው፤ በየመካከሉ የሚገባው ዘፈንም ተመልካቹን ከወታደሮቹ ያርቀዋል።

ሦስተኛው በ1959 ዓ.ም. የወጣው «ፖርክ ቾፕ ሂል» የኢትዮጵያን አንባቢ በቅርብ ይነካዋል። በኤፕሪል 1953 ዓ.ም. በኮርያ በዚህ ስም በሚጠራው ኮረብታ ላይ የተዋጋውን የአንድ አሜሪካዊ ሻምበል ጦር ታሪክ ይናገራል። በፓንሙንጆም የዕርቅ ንግግር እየተካሄደ ሳለ ሰዎች ለአንዲት ጠፍ ኮረብታ ሲሞቱ ማሳየቱ እውነተኛ ነው፤ ያንኑ ኮረብታ አሜሪካውያን በጁላይ ወር ለቀውታልና። የገዛ ወገናቸው ታላላቅ መብራት በስሕተት በርቶ ወታደሮቹን ለጠላት ሲያጋልጣቸው የሚታየውም ጦርነት በስሕተት የተሞላ መሆኑን ያስረዳል። ነገር ግን የመቶ አለቃ ክሌመንስን ሆኖ የሠራው ግሪጎሪ ፔክ ዕድሜው 40ን ያለፈ ሰው ነበረ፤ እውነተኛው ክሌመንስ ግን በውጊያው ጊዜ ገና ወጣት መኰንን ነበረ። የጐለመሰውና የተረጋጋው የፔክ ፊት ተመልካቹን ያጽናናዋል፤ በ1930 ዓ.ም. የታየው የልጅ ፊት ግን አያጽናናም።

ፊልሙ የተመሠረተበትን መጽሐፍ የጻፈው ማርሻል፥ በዚያው መጽሐፍ በኮርያ ስለ ተዋጋው ስለ ኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ የሌሊት ቅኝትም ጽፏል። የኢትዮጵያ ልጆች በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ሞተዋል። ፊልሙ ግን አንዱን ሻምበል ብቻ ይዞ ስለ ተነሣ፥ ያን የጨለማ ጕዞ አልነካውም። ይህ ሐሰት ነው አይባልም፤ የመረጠውን ብቻ ማሳየት የፊልም ጠባይ ነው። ጕዳቱ የሚመጣው ተመልካቹ የታየውን ሁሉ የሆነው ሁሉ አድርጎ ሲቈጥረው ነው።

ከዚያ ወዲህ የፊልም ጥበብ እጅግ አድጓል። በ1998 ዓ.ም. ስፒልበርግ ባዘጋጀው «ወታደር ራያንን ማዳን» በተባለው ፊልም፥ በጁን 6 ቀን 1944 ዓ.ም. በኖርማንዲ ዳርቻ የተደረገው መውረድ ከ20 ደቂቃ በላይ ሲታይ፥ በዚያ የነበሩ ሽማግሌዎች እንኳ ትዝታቸው ተቀስቅሶ ታውከዋል። ይህ ክፍል እውነተኛ የሆነው ከደሙ ይልቅ ከግራ መጋባቱ የተነሣ ነው፤ ተኳሹ አይታይም፥ ትእዛዝ አይሰማም። ወደ መጨረሻው ግን ራሜል በተባለች በምናብ በተፈጠረች ከተማ፥ ውጊያው እንደ ተረት መልክ ይዞ ይፈጸማል፤ ተመልካቹም ማን የት እንዳለና ስለ ምን እንደሚሞት ደኅና አድርጎ ያውቃል። ይህ ዕውቀት በጦር ሜዳ ላለ ወታደር የሚሰጥ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ እውነተኛ ሊባል የሚገባው ምናልባት አንድ ጥይት የማይተኰስበት ፊልም ነው። ጆን ሂውስተን በ1946 ዓ.ም. «ብርሃን ይሁን» ብሎ ለአሜሪካ ሠራዊት ያዘጋጀው ይህ ፊልም፥ ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በሐኪም ፊት ሲያለቅሱ፥ ሲንተባተቡ፥ ያለ ቍስል መራመድ ሲያቅታቸው ያሳያል። ተዋናዮች አይደሉም፤ ሕመምተኞቹ ራሳቸው ናቸው። ሠራዊቱ የሕመምተኞቹን ክብር እጠብቃለሁ ብሎ ፊልሙን ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሕዝብ ሰወረው። ምክንያቱ ከንቱ ነው አይባልም፤ ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሕዝቡ ድል አድራጊውን ወታደር በየሲኒማው ሲያይ፥ የሚያለቅሰውን አላየም።

ስለዚህ የጦርነት ፊልም የሚያይ ሰው፥ ይልቁንም ልጆቹን ይዞ የሚገባ፥ ከድምፁና ከደሙ ይልቅ ሦስት ነገር ይመርምር፤ ወታደሩ ይፈራልን? ይጠብቃልን? ከውጊያውስ በኋላ ምን ሆነ? እነዚህ ከጐደሉ፥ ወጣቱ ጀግንነትን በሐሰት ሚዛን ይማራል፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰው አባቱም የሚናገረው ከፊልሙ ጋር ሳይስማማ ሲቀር፥ የማይታመን መስሎት ዝም ይላል። ፓውልን ፈሪ ያሉት ተማሪዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ጦርነትን ከመምህራቸው አፍ ሰምተው አውቀነዋል ያሉ ልጆች ነበሩ። ዛሬ በመምህሩ ስፍራ የተቀመጠው ፊልም ስለ ሆነ፥ ምን እንደሚያስተምር መጠየቅ የወላጅ ሥራ ነው።