የእናት ረሃብ በልጅ ላይ የሚተወው አሻራ፦ የሆላንዱ ጥናት ሲመዘን

ሃይማንስና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት፣ የነፍሰ ጡር እናት አመጋገብ በልጅዋ ላይ ስለሚያስከትለው ኤፒጄኔቲካዊ ለውጥ በተነሣ ቁጥር በማስረጃነት ይጠቀሳል። ጥናቱ ምስጋና የሚገባው ቢሆንም፣ በስሙ የሚነገረው ግን ካረጋገጠው ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. ከ1944 መገባደጃ አንሥቶ ጀርመኖች ወደ ምዕራብ ሆላንድ የሚገባውን ምግብ በማገዳቸው የአንድ ሰው የቀን ቀለብ ከ1000 ካሎሪ በታች ወረደ። ተመራማሪዎቹ በዚያ ረሃብ የተፀነሱ 60 ሰዎችን ከረሃቡ ውጪ ከተፀነሱ ተመሳሳይ ፆታ ካላቸው ወንድሞቻቸው ወይም እኅቶቻቸው ጋር አነጻጸሩ። ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላም በፅንስ ዕድገት ድርሻ ባለው በአይጂኤፍ 2 ጂን ላይ የሚገኘው ሜቲሌሽን፣ ማለትም የጂንን ሥራ ለመቆጣጠር የሚያግዘው ኬሚካላዊ ምልክት፣ 5 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ረሃቡ በእርግዝናቸው መጨረሻ ከደረሰባቸው እናቶች በተወለዱት 62 ሰዎች ላይ ግን ልዩነት አልታየም።

ንጽጽሩ በአንድ ቤተሰብ ልጆች መካከል መደረጉ የጥናቱ ዋና ብርታት ነው። ሆኖም ደሙ የተቀዳው ከጨቅላ ሕፃናት ሳይሆን ዕድሜያቸው ከገፋ ሰዎች በመሆኑ፣ ለውጡ በተወለዱበት ቀን እንደነበረ በቀጥታ አያሳይም። የደም ሕዋስ የጉበትን ወይም የቆሽትን ሁኔታ ላያንጸባርቅ ይችላል። ይህ አነስተኛ ልዩነት በሽታ ማምጣቱም አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የጋምቢያ ጥናት በዝናብና በደረቅ ወቅት በተፀነሱ ሕፃናት ላይ የሜቲሌሽን ልዩነት በማሳየቱ የመጀመሪያውን ክፍተት በከፊል ሞልቷል፤ የጤና ውጤቱ ጥያቄ ግን እንዳለ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ግኝቱ እናትን መውቀሻ መሆኑ ነው። የሆላንድ እናቶች ረሃቡን አልመረጡትም፤ በጦር ኃይል የተጫነባቸው ነበር። ከዚህም በላይ ሁለቱም ጥናቶች የሚያመለክቱት በፅንሰት አካባቢ ያለውን ጊዜ ነው። ለእርግዝና ክትትል የምትመጣ ሴት ይህን ጊዜ አልፋዋለች። የፅንሱ የነርቭ ቧንቧም በ28 ቀናት ውስጥ ስለሚዘጋ፣ ፎሊክ አሲድ አስቀድሞ መድረስ እንዳለበት ለማወቅ ኤፒጄኔቲክስን መጠበቅ አላስፈለገም።

ስለዚህ ከእነዚህ ጥናቶች የምንወስደው ትምህርት ለነፍሰ ጡሯ ከሚሰጥ ተግሣጽ ይልቅ በፎሊክ አሲድ የበለጸገ ዱቄትና ከእርግዝና በፊት የሚጀምር አገልግሎት ሊሆን ይገባል። ይህ ኃላፊነት የእርሷ ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው።